የቅድመ መደበኛ ልጆች የዲጂታል ዕውቀት በቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆኑ ልጆች ያሏቸው ወላጆችና አሳዳጊዎች ዘወትር የሚያነሷቸው ናቸው። የመልሶቹ ርዝመት እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ጥያቄ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፣ አንዳንዱ ግን ረጋ ብሎ መታየት ይፈልጋል።

ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንዴት «የዲጂታል ዕውቀት አለው» ሊባል ይችላል?

«ዲጂታል ሊትረሲ» (የዲጂታል ዕውቀት) የሚለው አነጋገር እ.ኤ.አ. በ1997 በሰፊው እንዲታወቅ ያደረገው አሜሪካዊው ጸሐፊ ፖል ጊልስተር ነው። እሱ በጊዜው አጥብቆ ያሳሰበው ጉዳዩ ሐሳብን የመረዳት እንጂ ቁልፍ የመጫን ብልሃት አለመሆኑን ነበር። ይህ ለአዋቂዎች ታስቦ የተነገረ ቢሆንም ለአራት ዓመት ልጅ ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ልጁ ቁልፉን የመጫኑን ነገር ከጠበቅነው በላይ ፈጥኖ ይደርስበታል፣ የሚቀረው ሐሳቡ ነው።

በስኮትላንድ ሊዲያ ፕላውማን፣ ክሪስቲን ስቲቨንና ጆአና ማክፔክ የተባሉ ተመራማሪዎች የ3 እና የ4 ዓመት ልጆችን በየቤታቸው ተከታትለው ባጠኑ ጊዜ፣ ልጆቹ ከቴክኖሎጂ ጋር ሲውሉ የሚማሩትን በአራት ወገን አይተውታል። የመጀመሪያው መሣሪያውን መጠቀም መቻል ነው፤ ማብራት፣ ማጥፋት፣ መንካት፣ ወደ ኋላ መመለስ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው በመሣሪያው አማካይነት ስለ ዓለም ማወቅ ነው፤ አይቶት የማያውቀውን እንስሳ ድምፅ የሰማ ልጅ የተማረው ስለ ስልክ ሳይሆን ስለ እንስሳው ነው። ሦስተኛው የመማር ጠባይ ነው፤ አልሆን ሲል ደግሞ መሞከር፣ ተራን መጠበቅ፣ «እኔ እችላለሁ» ብሎ መነሣት ማለት ነው። አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ሰዎች በዚህ ሁሉ መሣሪያ ምን እንደሚሠሩበት መረዳት ነው፦ አንዱ ከሩቅ ዘመዱ ጋር ይነጋገርበታል፣ አንዱ ሥራውን ይሠራበታል፣ አንዱ ሂሳብ ይከፍልበታል። ከአራቱ ውስጥ ፊደል ማወቅን የግድ የሚል አንድም የለም።

ልጄ ማንም ሳያስተምረው ስልክ ከፍቶ የሚፈልገውን ቪዲዮ ያገኛል። ይህ በቂ አይደለም?

አይደለም። የጣት ቅልጥፍናው ለዓይን የሚያስገርም ቢሆንም፣ ከልጁ ዕውቀት ይልቅ የመሣሪያውን ሠሪዎች ችሎታ የሚያሳይ ነው፤ የሚነካ ስክሪን የተሠራው መመሪያ ያላነበበ ሰው ሁሉ እንዲጠቀምበት ታስቦ ነውና። አሜሪካዊው የትምህርት ጸሐፊ ማርክ ፕሬንስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 የዘመኑን ልጆች «የዲጂታል ዓለም ተወላጆች» ብሎ ከሰየመ ወዲህ፣ ልጆች ቴክኖሎጂን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይዘውት ይወለዳሉ የሚል እምነት በብዙ ቤቶች ሠርጿል። ነገር ግን ተወላጅ የሚባለውም ቢሆን ቋንቋውን የሚለምደው የሚያናግረው ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ «ማንም ሳያስተምረው» የሚለው ራሱ ሲመረመር እምብዛም እውነት ሆኖ አይገኝም። ከላይ በተጠቀሰው የስኮትላንድ ጥናት ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ነገሩን «ዝም ብለው እንደሚለቅሙት» ተናግረው ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ግን ወላጆቹ ሳያውቁት ብዙ ነገር እያስተማሩ መሆናቸውን አስተውለዋል። አባት ሪሞት ይዞ ሲፈልግ ልጅ ያያል፤ እናት «ቆይ፣ እስኪከፈት ጠብቂ» ትላለች፤ ታላቅ እህት ታናሿ የተሳሳተ ቦታ ስትነካ እጇን ያዝ አድርጋ ትመልሳታለች። ትምህርት ማለት ይኸው ነው፤ ስም ስላልሰጠነው ብቻ ሳይቆጠር ቀረ እንጂ።

የልጁን መረዳት ለማወቅ የሚሻ ሰው ነገሩ የተሳካ ዕለት ሳይሆን የተበላሸ ዕለት ይመልከተው። ቪዲዮው መሐል ላይ ሲቆም ልጁ ስክሪኑን በቁጣ ደጋግሞ ይመታል ወይስ «ኢንተርኔቱ ሄደ መሰለኝ» ይላል? ሁለተኛው ልጅ ከጣቱ አልፎ ስለ ነገሩ አሠራር አንድ ግምት ይዟል።

በቀን ስንት ሰዓት ይፈቀዳል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5 ዓመት በታች ስላሉ ልጆች ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ምንም ዓይነት ስክሪን እንዳያይ፣ የአንድ ዓመት ልጅም ተቀምጦ ስክሪን እንዳይመለከት፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፉ፣ ከዚያም ቢቀንስ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ያወጣው ምክር በቀን አንድ ሰዓት ጥራት ያለው ይዘት፣ እሱም በተቻለ መጠን ከአዋቂ ጋር ሆኖ የሚታይ፣ የሚል ነበር፤ ከ18 ወር በታች ላሉት ግን ከቪዲዮ ጥሪ በስተቀር እንዲቀር አሳስቧል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ስክሪን በሚናገረው ክፍሉ ብቻ ነው። ያው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በእንቅስቃሴ እንዲያሳልፉና በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኙ ይጠይቃል። የስክሪኑ ሰዓት ትርጉም የሚኖረው ከእነዚህ ጎን ሲቀመጥ ነው፤ ሩጫውና እንቅልፉ የተሟላለት ልጅ በአንድ ዝናባማ ቀን ሃያ ደቂቃ ቢጨምር እንደ ጥፋት የሚቆጠር አይደለም፣ እንቅልፉ እየተሰረቀ ያለ ልጅ ግን ሰዓቱ ከገደቡ ባያልፍም ችግር አለበት።

ትንሽ ልጅ ከስክሪን የሚማረው ከሰው ከሚማረው ለምን ያንሳል?

ይህን በግልጽ ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ነው። ዕድሜያቸው 9 ወር ገደማ የሆኑ አሜሪካውያን ሕፃናት ከቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር ፊት ለፊት እየተጫወቱ ቋንቋውን በሰሙ ጊዜ የቋንቋውን ልዩ ድምፆች መለየት ጀመሩ፤ ያንኑ ንግግር በቪዲዮ የተመለከቱት ወይም በድምፅ ብቻ የሰሙት ሕፃናት ግን ምንም ያገኙት ነገር አልነበረም። ቃሉና ድምፁ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ የተለያየው ሰው ስለሌለ ነው።

«ሰው» ስንል ታዲያ ምኑን ነው? ይህን ደግሞ ሳራ ሮዝቤሪ፣ ካቲ ኸርሽ-ፓሴክና ሮበርታ ጎሊንኮፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ፈትሸውታል። ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች አዲስ ግሥ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ሲማሩ ፊት ለፊት የመማርን ያህል ተሳካላቸው፤ አስቀድሞ ከተቀረጸ ቪዲዮ ግን አልተማሩም። ስለዚህ እንቅፋቱ መስታወቱ አይደለም። በጥሪው ውስጥ ያለችው ሴት ልጁ ሲስቅ ትስቃለች፣ ሲጠይቅ ትመልሳለች፣ ዓይኑን ሲያዞር በስሙ ትጠራዋለች፤ የተቀረጸችው ግን ልጁ ከክፍሉ ወጥቶ ቢሄድም ንግግሯን ትቀጥላለች።

የቅድመ መደበኛ ልጅ ከሕፃኑ የተሻለ ነው፤ ዕድሜው እየጨመረ ሲሄድ ከተቀረጸ ነገርም መማር ይጀምራል። ሆኖም የሚመልስለት ሰው አጠገቡ ሲኖር የሚያገኘው ይበልጣል፤ ከዚህ በኋላ ያሉት መልሶች ሁሉ የሚነሡትም ከዚህ ነጥብ ነው።

«ከልጅዎ ጋር ሆነው ይመልከቱ» ይባላል። በተግባር ምን ማድረግ ነው?

አጠገብ መቀመጥ ብቻውን ብዙ አይሠራም፤ በተለይ የተቀመጠው ሰው የራሱን ስልክ የሚያይ ከሆነ። ፕላውማንና ስቲቨን «የተመራ መስተጋብር» ያሉት ነገር በቃል ሲነገር የከበደ ቢመስልም፣ ይዘቱ እጅግ ቀላል ነው፤ ልጁ የሚያደርገውን እያዩ፣ የጎደለውን ብቻ መሙላት ነው። ጉድለቱ አንድ ጊዜ ቃል ነው፣ አንድ ጊዜ የሚያመለክት ጣት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ «አይዞህ» ብቻ ነው።

አንዲት የአራት ዓመት ልጅ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ይዛለች እንበል፤ ቅርጾችን እየጎተተች በየቦታቸው ማስገባት አለባት። ሦስት ማዕዘኑ አልገባ ይላታል። የቸኮለ አዋቂ ጣቱን ዘርግቶ ያስገባላታል፤ ጨዋታው ያጨበጭባል፣ ልጅቷ ግን ጭብጨባው ለማን እንደሆነ አታውቅም። የታገሠው አዋቂ «ለምን እምቢ ያለ ይመስልሻል?» ይላል፤ ቀጥሎም «ሹል የሆነው ጎኑ ወዴት እያየ ነው?» ይላል፤ ካልሆነ ከወረቀት ሦስት ማዕዘን ቆርጦ በእጇ እንድታዞረው ይሰጣታል። በዚህ አኳኋን ስምንት ደቂቃ የፈጀ አንድ ቅርጽ፣ በሁለት ደቂቃ ካለቁ አሥር ቅርጾች የተሻለ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቪዲዮ ሲሆን ደግሞ ታሪክ መጽሐፍ እንደምናነብላቸው ማድረግ ይቻላል፤ በመካከል አቁሞ «አሁን ምን የሚያደርግ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ ሲያልቅ ታሪኩን በራሱ አነጋገር እንዲተርክ ማድረግ፣ በማግሥቱም «ትናንት ያየነው ወፍ ይህን አይመስልም?» ብሎ ከስክሪኑ ውጭ ካለው ነገር ጋር ማገናኘት። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ በስክሪን የታየው ነገር በእጅ የሚዳሰስ ሲሆን ልጁ ምስልና እውነት እንዴት እንደሚገናኙ ይገነዘባል።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሁልጊዜ እንዲህ ማድረግ የሚችል ወላጅ የለም። እራት እየተሠራ፣ ታናሽ ሕፃን እያለቀሰ፣ ትልቁን ለሩብ ሰዓት ቪዲዮ ፊት ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ያ ሩብ ሰዓት ግን ፋታ መውሰጃ እንጂ የትምህርት ጊዜ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል።

ለየት ያለ ትምህርት ማዘጋጀት ያስፈልጋል ወይስ የዕለት ተዕለት ሥራ ይበቃል?

የዕለት ተዕለት ሥራ ይበቃል፤ እንዲያውም ከተዘጋጀ ትምህርት ይሻላል፤ ምክንያቱም ሥራው እውነተኛ ዓላማ አለው።

ለምሳሌ ለአያት የድምፅ መልእክት መላክን እንውሰድ። ልጁ ምን እንደሚል አስቀድሞ ያስባል፣ ይናገራል፣ የተቀዳውን ይሰማል፣ ካልወደደው ይደግማል፣ ከዚያ ይልካል፤ ከቆይታ በኋላም መልስ ይመጣል። በዚህች ትንሽ ሥራ ውስጥ መልእክት ላኪና ተቀባይ እንዳለው፣ አንድ ነገር ሊቀዳና ሊደገም እንደሚችል፣ ከተላከ በኋላ በሌላ ሰው እጅ እንደሚሆን ይማራል። ትንንሽ ልጆች በስልክ ሲነጋገሩ «እሺ» ከማለት ይልቅ ራሳቸውን መነቅነቃቸው፣ አዲሱን ጫማቸውንም ወደ ስልኩ ማሳየታቸው የታወቀ ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ምን ሊያይና ምን ሊሰማ እንደሚችል ገና አልለዩም። «አያትህ ድምፅህን ብቻ ነው የምትሰማው፤ ጫማው ምን እንደሚመስል ንገራት» የሚል አንድ ቃል ይህን ልዩነት ያስተምራል፣ ልጁም በቃል መግለጽን ይለማመዳል።

መፈለግም እንዲሁ ነው። ልጅ «ቀንድ አውጣ የሚበላው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የምንፈልገውን ቃል ጮክ ብሎ እየተናገሩ መጻፍ፣ ብዙ መልስ መምጣቱን ማሳየት፣ «ይኼኛው ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው፣ እንተወው» እያሉ መምረጥ፣ ከዚያም ከተቻለ ውጭ ወጥቶ ቀንድ አውጣ አጠገብ ቅጠል አኑሮ ማየት ይቻላል። ልጁ ከዚህ የሚወስደው ስለ ቀንድ አውጣ ያለውን ብቻ አይደለም፤ ስልክ ሁሉን የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይሆን ሰዎች የጻፉትን ነገር የምንፈልግበት ቦታ መሆኑንም ይማራል። አሁን በድምፅ ሲጠየቁ በድምፅ የሚመልሱ መሣሪያዎች በየቤቱ እየገቡ ስለሆነ ይህ ከቀድሞው የበለጠ ያስፈልጋል። የሚናገር ነገር ሁሉ ለልጅ ሕይወት ያለው ይመስለዋል፤ «ሰው ነው ወይስ ማሽን? በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ጨዋታ ነው።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የሙቀት መለኪያ፣ የአሳንሰር ቁልፍ፣ የባትሪ ምልክትም የዲጂታል ዓለም ክፍሎች ናቸው፤ ምልክት አይቶ ምን እንደሚል ማወቅ ከእነዚህም ይጀመራል።

የራሱ ታብሌት ልግዛለት?

በዚህ ዕድሜ አያስፈልግም። የጋራ የሆነ መሣሪያ ሰዎች በሚቀመጡበት ክፍል ሲውል ተራ መጠበቅን ያስለምዳል፣ ምን እንደሚታይም ለሁሉም ግልጽ ይሆናል።

«ትምህርታዊ» የተባለ መተግበሪያ ሁሉ ያስተምራል?

«ትምህርታዊ» የሚለው ቃል ሻጩ በራሱ ፈቃድ የሚለጥፈው ስያሜ ነው፤ ያንን ለመለጠፍ ልጆች በእርግጥ እንደተማሩ ማስረጃ እንዲያቀርብ የሚጠይቀው የለም። ኸርሽ-ፓሴክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድን መተግበሪያ ለመመዘን አራት ጥያቄዎችን አቅርበዋል፤ በእኔ አነጋገር እንዲህ ናቸው፦ ልጁ አእምሮውን ያሠራል ወይስ ጣቱን ብቻ? ሐሳቡን አንድ ነገር ላይ እንዲያሳርፍ ያግዘዋል ወይስ በሚያብረቀርቅ ነገር ይበትነዋል? የሚማረው ከሚያውቀው ሕይወት ጋር ይገናኛል? ከሌላ ሰው ጋር እንዲነጋገር ምክንያት ይሆናል?

ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ለኤሌክትሮኒክ የተረት መጻሕፍት ይጠቅማል። በገጹ ላይ የሚነካው ዛፍ ሁሉ የሚዘፍን፣ ደመናው ሁሉ የሚዘንብ ከሆነ፣ ልጁ ስለ ዛፉና ስለ ደመናው ሲል ታሪኩን ይረሳዋል፤ እንቅስቃሴው ታሪኩን የሚያስረዳ ሲሆን ግን ያግዛል። መተግበሪያውን ለልጁ ከመስጠት በፊት አሥር ደቂቃ ራስዎ ቢጫወቱበት ከማንኛውም የኮከብ ብዛት የተሻለ መረጃ ያገኛሉ።

የመተግበሪያው ቋንቋ በቤታችን ከምንናገረው የተለየ ከሆነስ?

ድምፁን ቀንሶ ወይም ዘግቶ በራስ ቋንቋ ማውራት ነው። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ የራስን መሥራት ነው፤ ልጁ በቤት ውስጥ ያሉ ነገሮችን አምስት ስድስት ፎቶ ያነሣል፣ ለእያንዳንዱ ታሪክ ይናገራል፣ ድምፁ ይቀዳል። የተመልካችነቱ ጊዜ በዚያ ያበቃል፤ ነገሩን የሠራው እሱ ነውና የሚታየው ነገር ሁሉ አንድ ሠሪ እንዳለው ከዚያ ቀን ጀምሮ አይጠፋውም።

ማስታወቂያ ሲመጣ ምን ልበለው?

በመጀመሪያ ማስታወቂያ የሌለበትን መምረጥ ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ዘገባ፣ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ እነሱን ለማግባባት የተሠራ መሆኑን እንደማይረዱ አመልክቷል። ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ ማስታወቂያን «እንዲጠነቀቅ» መጠበቅ ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው፤ ጠባቂው አዋቂው ነው። በጨዋታዎች ውስጥ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው፤ የሚወደው ገጸ ባሕርይ ራሱ «ይህን ግዛልኝ» ብሎ ሲያለቅስ ልጁ የሚያየው ሸቀጥ ሳይሆን የተቸገረ ወዳጅ ነው።

የሆነ ሆኖ መዝራት ይቻላል። «ይህ የታሪኩ ክፍል አይደለም፤ አንድ ሰው እንድንገዛው ፈልጎ ነው ያስቀመጠው» ማለት ዛሬ ሙሉ በሙሉ ባይገባውም፣ በሰባት ዓመቱ ሲገባው መሠረቱ ተጥሎ ይጠብቀዋል። ግዢ በይለፍ ቃል እንዲታሰር ማድረግም የዚያኑ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው።

ስክሪኑን ሳጠፋበት ያለቅሳል። ምን ላድርግ?

ብዙዎቻችን «ሁለት ደቂቃ ቀርቶሃል» እያልን እናስጠነቅቃለን። አሌክሲስ ሂኒከርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የትንንሽ ልጆችን ቤተሰቦች አጥንተው ያገኙት ግን ያልተጠበቀ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው መለያየቱን ከማቅለል ይልቅ ያከብደው ነበር። የቀለለው ስክሪኑ የሚጠፋበት ሰዓት የዘወትር ልማድ በሆነበት ቤት፣ እንዲሁም ይዘቱ በራሱ ጊዜ ሲያልቅ ነበር። ልጅ ከወላጁ ጋር ይከራከራል እንጂ ካለቀ ታሪክ ጋር አይከራከርም።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ምክር፣ ተከታዩን ቪዲዮ በራሱ የሚከፍተውን አሠራር ከሴቲንግ ማጥፋት፣ መጨረሻ ያለው ነገር መምረጥና «ይህ ታሪክ ሲያልቅ እጃችንን ታጥበን እንበላለን» ብሎ አስቀድሞ መስማማት ነው። ቪዲዮውን መሐል ላይ ቆርጦ ማጥፋት ተረት መሐል ላይ መጽሐፍ ከመንጠቅ አይለይም፤ ቢያለቅስ አይፈረድበትም።

እኔ ራሴ ስልክ ላይ ነው የምውለው። ምን ያህል ይጎዳዋል?

ወላጅ ከልጁ ጋር ሳለ ስልክ ጭውውቱን ደጋግሞ የሚያቋርጠው ከሆነ፣ የሁለቱ የመነጋገር ዕድል ይቀንሳል። ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ተከፍቶ ሲውልም እንዲሁ ነው፤ ሄዘር ኪርኮሪያንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ቴሌቪዥን ከበስተጀርባ ሲከፈት ወላጆች ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር የሚያደርጉት ጭውውት በመጠንም በጥራትም ይቀንስ እንደነበር አሳይተዋል።

ከዲጂታል ዕውቀት አንጻር ግን እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በቀድሞው ጊዜ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ጋዜጣ ይይዛል፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ብዕር ያነሣል፣ ሂሳብ የሚከፍል ገንዘብ ይቆጥራል፣ መንገድ የጠፋው ካርታ ይዘረጋል፤ ልጅ በዓይኑ ብቻ እያየ የአዋቂዎችን ሥራ ይለይ ነበር። ዛሬ ይህ ሁሉ ወደ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ገብቷል። እናቱ ለታመመ ዘመድ መድኃኒት ስታፈላልግም፣ ዝም ብላ ቪዲዮ ስትገላብጥም ለልጁ የሚታየው አንድ ዓይነት ያጎነበሰ ፊት ነው። ከላይ አራተኛ ብለን ያስቀመጥነው ትምህርት፣ ማለትም ሰዎች በመሣሪያው ምን እንደሚሠሩበት ማወቅ፣ ካልተነገረው በዓይኑ ብቻ ሊማረው አይችልም።

መድኃኒቱ አፍን መክፈት ነው። «አሁን ለአክስትህ እንደደረስን እየጻፍኩላት ነው»፣ «ነገ ይዘንብ እንደሆነ እያየሁ ነው፣ ና አብረን እንይ»፣ «ይሄን የመብራት እየከፈልኩ ነው፣ ስጨርስ አስቀምጠዋለሁ» ማለት ከአምስት ሰከንድ በላይ አይወስድም። ይህን ልማድ የያዘ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል፤ ስልኩን ያነሣበትን ምክንያት ጮክ ብሎ ለመናገር የሚያፍርበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ያስቀምጠዋል።

ለአምስት ዓመት ልጅ ኮዲንግ (ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ) ማስተማር ይጠቅማል?

ከኮዲንጉ ይልቅ በስተጀርባው ያለው አስተሳሰብ ይጠቅማል፤ አንድን ሥራ በየደረጃው መከፋፈል፣ ቅደም ተከተልን መጠበቅ፣ ስህተቱ የት እንደሆነ መፈለግ። ልጅዎ «ሮቦት» ለሆኑት ለእርስዎ እጅ ስለ መታጠብ ትእዛዝ ይስጥ፤ ቧንቧውን ክፈት ማለትን ከረሳ በደረቁ ይሹት፤ ስቆ ትእዛዙን ያርማል። ለመተግበሪያ የሚሹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ስክራች ጁኒየር ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ሲሆን ትእዛዞቹ በሥዕል ስለሆኑ ማንበብን አይጠይቅም። ከእሱ አዘጋጆች አንዷ የሆነችው ማሪና ኡማሺ በርስ ኪቦ የተባለውን ሮቦትም ሠርታለች፤ እሱ በእንጨት ኩቦች የሚታዘዝ ነው እንጂ ስክሪን የለውም።

ስለ ደኅንነትና ስለ ግል መረጃ በዚህ ዕድሜ ምን ማስተማር ይቻላል?

ሕጎቹ ሸክሙን በልጁ ላይ አይጥሉም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የልጆች የኢንተርኔት ግላዊነት ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ይህን ዕድሜ 16 አድርጎ፣ አባል አገሮች እስከ 13 እንዲያወርዱት ፈቅዷል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው 25ኛው አጠቃላይ ማብራሪያ የልጆች መብት በዲጂታሉ ዓለምም የሚሠራ መሆኑን አስረድቷል።

በቤት ውስጥ የሚቻሉት ሁለት ልማዶች ናቸው። አንደኛው ፎቶውን ለሌላ ሰው ከመላክ በፊት ልጁን መጠየቅ ነው፤ «ይህን ለአጎትህ ልላክለት?» ሲባል እምቢ ካለ መተው ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጥያቄው ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ወግ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው «የሚያስፈራ ወይም ግራ የሚያጋባ ነገር ካየህ ወደ እኔ አምጣው» ማለትና ሲያመጣው አለመቆጣት ነው። አንድ ጊዜ የተቆጡት ልጅ ሁለተኛውን አያመጣም። እርግጥ የሕፃናት መቆጣጠሪያ ሴቲንጎችም መበራት አለባቸው፤ ሆኖም ማጥለያ ሁሉ ቀዳዳ አለው።

ቤታችን ብዙ መሣሪያ የለም። ልጄ ወደ ኋላ ይቀራል?

መሣሪያ የመጠቀም ብልሃት ዘግይቶም ቢሆን በጥቂት ሳምንታት ይደረስበታል። ጥያቄ መጠየቅ፣ ታሪክ በቅደም ተከተል መተረክ፣ ሥዕል አይቶ መተርጎም፣ ሲያቅት መታገሥ ግን በዓመታት የሚገነቡ ናቸው፤ ለእነሱም አንድ አሮጌ ስልክና የሚያወራ ሰው ይበቃሉ።

ሐኪም ማማከር የሚገባኝ መቼ ነው?

ልጁ ከስክሪን ውጭ ያለ ጨዋታ ሁሉ ካስጠላው፣ እንቅልፉ ከተዛባ፣ ንግግሩ ከእኩዮቹ ዘግይቶ ከታየ ወይም ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። በተለይ የንግግር መዘግየትን «ስልክ ስላበዛ ነው፣ ስንቀንስለት ይተወዋል» ብሎ ብቻ መጠበቅ አይገባም፤ የመስማት ችግርም ሆነ ሌላ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል፣ ስክሪኑን እየቀነሱ ምርመራውንም ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ልጁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን እንደተመለከተ፣ ከማን ጋር እንደተመለከተና ስንት ሰዓት እንደተኛ በአጭሩ ጽፈው ቢይዙ ምርመራው ይቀላል።